ጥቁር ላም፣ ጥቁር ኮርማ፣ ቀይ ጥጃ

ወዳጄ፣ ትናንት ማታ ሃና ከተማ ላይ ከብቱ ሲገባ እያየን፣ «ላሚቱ ጥቁር፣ ኮርማው ጥቁር፤ ይህ ቀይ ጥጃ ከየት መጣ?» አልከኝ። «የሌላ ኮርማ ይሆናል» ብዬህ ነበር። ቸኩያለሁ።

ጥጃው ዘረመል የተሸከሙ 30 ክሮሞዞሞችን ከእናቱ፣ 30 ከአባቱ ይወስዳል። እኛ ሰዎች 23 ከእናት፣ 23 ከአባት። ስለዚህ ለቀለሙም ከሁለቱም ወገን ዘረመል ይደርሰዋል። ጥቁሩና ቀዩ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ይሸፍናል፤ ቀዩ ግን አይጠፋም። ላሚቱም ኮርማውም ቀዩን በውስጣቸው ይዘው ከሆነ፣ ከአራት አንድ ዕድል ጥጃው ቀዩን ከሁለቱም ያገኛል።

«ታዲያ ከአራት ጥጃ አንዱ የግድ ቀይ ነው?»

የለም፤ ዕጣው በየወሊዱ እንደ አዲስ ነው የሚጣለው። ሁለት ቀይ ተከታትሎ ሊመጣ ይችላል፤ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል።

መነኩሴው ሜንዴል ብርኖ ከተማ በሚገኝ ገዳም ውስጥ አተር እየዘራ ይህን ቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1866 አሳተመ። እዚህ ሰላማጎ ወረዳ ደግሞ ቦዲ የሚባሉ ከብት አርቢዎች አሉ፤ ራሳቸውን ሜኤን ይላሉ። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ካትሱዮሺ ፉኩዪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አብሯቸው ኖሮ፣ ለከብት ቀለምና ዝንጉርጉር ያላቸውን የስም ብዛት መዘገበ። እኛ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ጉራቻ ብለን የምናልፈውን እነሱ እጅግ አብዝተው ይለያሉ። ልጅ ስም ሲወጣለት የራሱ የከብት ቀለም ይሰጠዋል። የከብቱንም የዘር ሐረግ ይዘው፣ ከየትኞቹ ወላጆች ምን ዓይነት ጥጃ እንደሚወለድ ያውቃሉ። እኔ ይህን ዕውቀት ነው የምለው፤ ዓይንን፣ ትዕግሥትንና የዘመናት ትውስታን የጠየቀ። ትምህርት ቤት ስለ ዘር ሲያስተምሩን አተሩን ብቻ መሳላቸው ያሳዝነኛል።

«የሰውስ?»

የሰው መልክ እንደ ጥጃው ቀላል አይደለም፤ ብዙ ዘረመሎች ይጋገዙበታል። ሁለቱም ወላጆች የተሸከሙት ተደብቆ ኖሮ በልጅ መውጣቱ ግን ያው ነው። «አያቷን ወጣች» የምንለው ለዚህ ነው። ታዲያ ልጁ አባቱን ስላልመሰለ ብቻ እናቱን በጥርጣሬ ዓይን ማየት ምን ያህል ግፍ እንደሆነ አስበው! ስንት ትዳር በዚህ ተጎድቷል። እኔም ትናንት ስለ ላሚቱ ያልኩህ ከዚያው ጥርጣሬ የመጣ ነው።

ነገ ከብቱ ሳይሰማራ በጠዋት እንሂድ። ባለቤቱን የላሚቱ እናት ምን ቀለም እንደነበረች እንጠይቀው፤ የኮርማውንም እናት።