መድረካችን ቢስተካከል

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ በትምህርት መዝጊያው በዓል ቀን፣ እኔ የንጉሥ መልእክተኛ ሆኜ ቴአትር ሠርቼ ነበር። በድርሰቱ መሠረት በቀኝ በኩል ወጥቼ በግራ በኩል ተመልሼ መግባት ነበረብኝ። ዳሩ ግን ከመድረኩ ኋላ መተላለፊያ ስለሌለ፣ በመስኮት ዘልዬ አዳራሹን በዝናብ ዞርኩና በሌላው መስኮት ገባሁ። የጦሩን ወሬ ሳወራ ከልብሴ ውኃ ይንጠባጠብ ነበርና ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ያውም አሳዛኙ ክፍል ነበር! ይህን የምጽፈው ስለ ሳቁ ተቀይሜ አይደለም (ጥቂት ግን ተቀይሜያለሁ)።

ከተማችን ሶዶ የክልል መስተዳድር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ትልቅ ቴአትር ቤት መሠራቱ አይቀርምና እስከዚያው እንታገሥ የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ በበኩሌ በዚህ አሳብ አልስማማም። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ የታየው በቴአትር ቤት ሳይሆን በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ሀገር ፍቅር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም.፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት የተከፈተውም በ1948 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ ድርሰታቸውን ያሳዩ የነበረው ተማሪዎችን ይዘው ነው። እነዚያ ተማሪዎች ሕንፃ ይጠብቁ ኖሮ ብዙ ዓመት በጠበቁ ነበር።

ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ «በጊፋታ ጊዜ በሜዳ ላይ ስንጨፍር መድረክ ማን ሠራልን?» ይለኛል። ይህ ብርቱ ክርክር ነው። ነገር ግን በጊፋታ ጨዋታ ተመልካቹ ራሱ ተጫዋች ስለሆነ፣ አንድ ቃል ቢያመልጠው ምንም አይጎድልበትም። በቴአትር ግን አንድ ቃል ያልሰማ ሰው የነገሩን ሥር ያጣል። ቢሆንም ከጓደኛዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ይኸውም ተጫዋች ወደ ሰው መቅረብ እንዳለበት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1599 በሎንዶን የተሠራው የሼክስፒር ቡድን ግሎብ ቴአትር መድረኩ ወደ ሕዝቡ መካከል የገባ ስለ ነበር፣ ተመልካቹ በሦስት ወገን ይከበው ነበር። እኛም መድረካችንን ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት ብንገፋው፣ ከኋላው ለመተላለፊያና ልብስ ለመለወጫ የሚሆን ቦታ ይተርፈናል። እዚያ ላይ ጥቁር አቡጀዲ በሽቦ ብንዘረጋ በመስኮት መዝለል ይቀራል።

ከፍታውም ያስቸግራል። ዛሬ እስከ ጉልበት ብቻ ስለሆነና ወለሉም ሜዳ ስለሆነ፣ ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር በኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የጓደኛውን ጭንቅላት ነው። ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ከፊት የተቀመጡት የተጫዋቹን እግር አያዩም። ትንንሾቹ ከፊት በሰሌን ላይ ቢቀመጡ ደግሞ ለሁሉም ይበጃል። መብራቱንም በሚመለከት፣ አምፖሉ በቀጥታ ከራሳችን በላይ ስለ ተሰቀለ ዓይናችን ጥላ ውስጥ ይገባና ሁላችንም የታመምን እንመስላለን። ሁለት አምፖሎች ከፊት ከግራና ከቀኝ አግድም ቢያበሩልን ፊታችን ይታያል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የቆርቆሮው ጣሪያ ነው። የሰኔ ዝናብ ሲወርድበት ንጉሡም መልእክተኛውም እኩል ድዳ ይሆናሉ። ኮርኒስ ቢሠራለት ድምፁ በብዙ ይቀንሳል፤ ይህ ግን ወጪው ከፍ ያለ መሆኑን አውቃለሁና ለሚመጣው ዓመት ይቆይ ቢባል አልከራከርም። እስከዚያው ቴአትሩን ከሰኔ ወደ ጥር ማዛወር ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ለመድረኩ ሥራ ከክፍላችን ሁለት ልጆች መጋዝና መዶሻ ከቤታችን እናመጣለን ብለዋል። የቀረው ጣውላውና ፈቃዱ ነው።