ስለ ጋብቻ ቦታ፤ ትንሿን የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለሚመርጡ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ድግስ ልክ ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ ልጆቻቸውን በቅዱስ ቍርባን ለማጋባት ያሰቡ ወላጆች፥ ሙሽሮቹም ራሳቸው፥ ደጋግመው ስለሚመካከሩበት ነገር ጥቂት ልንል ወደድን። ይኸውም ጋብቻው በከተማው ታላቅ ደብር ይፈጸም፥ ወይስ በገጠር ባለች በአንዲት ትንሽ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ይሁን የሚለው ነው።

ትንሿን ቤተ ክርስቲያን መውደድ የሚነቀፍ አይደለም። በጥድና በወይራ የተከበበው ዐጸዷ፥ የድንጋይ ደወሏ፥ ጸጥታዋም ልብን ይስባል። ስፍራዋ ጠባብ ስለ ሆነም የእንግዳውን ብዛት ትወስናለች፤ ለአንድ ቀን ክብር ሲባል ለብዙ ዓመት ዕዳ ከመግባትም ታድናለች። ነገር ግን ብዙዎች ፎቶግራፏን አይተው ወይም ጥንታዊነቷን ሰምተው ስለ መልኳ ብቻ ይመርጧታል። እኛ እንደሚመስለን ግን ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ቀን የሚከራዩት አዳራሽ አይደለችም፤ ታቦት ያለባት፥ ካህናት የሚያገለግሉባት፥ ምእመናን ሙታናቸውን የቀበሩባት ናት። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ታምራለችን?» የሚለው ሳይሆን «ከእኛ ጋር ምን ዝምድና አላት?» የሚለው ነው።

ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ከወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ጋር በቍርባን የተጋቡት በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ፥ የአያቶቻቸው ከተማ ነበረች። ለጋብቻቸው ርቀው ዝነኛ ስፍራ አልፈለጉም፤ ቤታቸው በሚታወቅበት አገር፥ በሚያውቋቸው ካህናት ፊት ቃል ኪዳን አደረጉ። ያም ጋብቻ ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ጸና።

ይህ ነገር በእኛ ዘንድ ብቻ የሚታሰብ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ያማሩ ትንንሽ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው፤ በዚያ ለመጋባት የሚፈልገውም ሰው እንዲሁ ነው። የአገሩ ቤተ ክርስቲያን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2008 ባወጣችው ሕግ ከአጥቢያው ውጭ ለሚኖሩ ሰዎች በሩን ሰፋ አድርጋ ከፍታለች፤ ቢሆንም ዝምድና ይጠየቃሉ። በዚያ አጥቢያ የተጠመቀ፥ ወይም ቢያንስ ስድስት ወር የኖረበት፥ ወይም ወላጆቹ ወይም አያቶቹ በዚያ የተጋቡ፥ ወይም ይህን የመሰለ ዝምድና ያለው መሆን አለበት። ውበቷን ስለ ወደደ ብቻ አይፈቀድለትም።

ዝምድናው ከተገኘ በኋላ የቦታው ጠባይ ይመርመር። ስመ ጥር ሁሉ ለጋብቻ አይሆንም። በጣና ሐይቅ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳምና በትግራይ በገመድ የሚወጣበት ደብረ ዳሞ ሴት አይገባባቸውም፤ ሙሽሪት የማትገባበት ቦታ ደግሞ ለጋብቻ አይታሰብም። በላስታ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ እጅግ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በእግር ዳገት መውጣት ስላለበት ጕልበት የከዳቸውን አያት ከልጅ ልጃቸው ጋብቻ ያስቀራል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለችው ከዐለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ለከተማው የቀረበች ብትሆንም ውስጧ ጠባብ ነው፤ መቶ ሰው ይዞ ወደዚያ መሄድ ሰማንያውን ውጭ ለማቆም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የአገልግሎቱ ነገር ነው። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን፥ ማለት ያለ ሁለት ቀሳውስትና ያለ ሦስት ዲያቆናት አይቀደስም። በታላቅ ደብር ይህ አያሳስብም፤ በትንሿ አጥቢያ ግን ዲያቆናቱ ለትምህርት ሄደው፥ ቄሱም በእርሻ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ቤተ ሰብ እናውቃለን፤ ከዚያ በፊት ረግጠዋት በማያውቋት ቤተ ክርስቲያን ለመጋባት ቈርጠው ቀኑን በመልእክተኛ ብቻ አስወሰኑ። በዕለቱ ሲደርሱ አንድ ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ ቈመው ተገኙ። የቀሩትን ከጎረቤት አጥቢያ በእግር ሄዶ እስኪያመጡ ድረስ ቀኑ ተጋመሰ፤ ከትናንት ጀምረው የጾሙት የሙሽራው እናት ታመው በዛፍ ጥላ ሥር ተኙ፤ እንግዳው ግማሹ ተመለሰ። ጋብቻው በመጨረሻ ቢፈጸምም ሁለቱ ወገኖች ጥፋቱን እርስ በርሳቸው ሲጣጣሉ ከረሙ፤ እነርሱን ማስታረቅ ሙሽሮቹን ከማጋባት ይልቅ ሽማግሌዎቹን አደከመ። አንድ ሰው ከወር በፊት ሄዶ ከቄሰ ገበዙ ጋር ፊት ለፊት ቢነጋገር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ ጋብቻውን የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይሂድ። ለአለቃው ወይም ለቄሰ ገበዙ ጕዳዩን ያስረዳ፤ ሙሽሮቹም ከንስሐ አባቶቻቸው የምስክር ወረቀት ያቅርቡ። ሥርዓተ ተክሊል በድንግልና ለኖሩ እንደ ሆነ፥ ቀድሞ ላገቡት ግን ሌላ ጸሎት እንዳለ አስቀድሞ በግልጽ ይነገር፤ ይህን በሠርጉ ማለዳ በካህኑና በወላጆች ፊት ማንሣት ለሁሉም ኀፍረት ነው። ቆራቢው 18 ሰዓት እንደሚጾም ታስቦ የመንገዱ ርዝመት ይለካ፤ ቢቻል በዋዜማው እዚያው መንደር ቢታደር ይሻላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሠርግ አይደረግም፤ በሌሎቹም አጽዋማት እንዲሁ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጭቃውና ወንዙ የገጠሩን መንገድ ይዘጋል። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ኀምሳ የተመረጠው ጊዜ ስለዚህ ነው።

በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን የቈየን እንደ መሆናችን አንድ ነገር ሳናሳስብ አናልፍም። ጋብቻው በተራራ ላይ ባለች ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሞ ምስክሮቹ ካህናት ካረፉ በኋላ፥ ሚስት መሆኗን የምታስረዳበት ወረቀት አጥታ በውርስ ክርክር የምታለቅስ ሴት ማየት ያሳዝናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ እንደ ጸና ጋብቻ ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው እንዲሆኑ፥ በነጻ ፈቃዳቸው እንዲጋቡ፥ ጋብቻውም እንዲመዘገብ ያዝዛል። እንግዲህ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያኒቱ የጋብቻውን ምስክር ወረቀት በማኅተም ተቀብለው ሳይውሉ ሳያድሩ በመዝገብ ያስጽፉ። የታላቁ ደብር መዝገብ ጠባቂ አለው፤ የትንሿን አጥቢያ ወረቀት ግን ምስጥና ዝናብ ሊያጠፋው ይችላል።

ስለ እንግዳው ብዛት በሁለቱ ወገኖች መካከል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። የአንዱ ወገን «ወዳጆቼን አስቀይሜ እንዴት እኖራለሁ?» ይላል፤ የሌላው ደግሞ የአያቶቹን ቤተ ክርስቲያን አይለቅም። እኛ የምንመክረው ሁለቱን ነገር መለየት ነው። ቃል ኪዳኑ በትንሿ ቤተ ክርስቲያን፥ ወላጆች፥ አያቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ሚዜዎችና የንስሐ አባቶች ባሉበት ይፈጸም፤ ግብዣው በሌላ ቀን በከተማው ቤት ወይም በዳስ ይደረግ። የቀረው ወዳጅ ወደ ድግሱ ተጠርቷልና አይቀየምም፤ በቅድስት ለመቆም ስፍራ ያገኙት ደግሞ የሚጸልዩት ይሆናሉ።

ቦታዪቱን ስለ መጠበቅም እንናገራለን። በጎንደር ዘመን ከተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት በብዙዎቹ ሥዕሉ የተሣለው በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ የእጅ ላብ፥ የጧፍ ጢስና እርጥበት ያበላሸዋል። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የከተማውን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈ ነው። ከጦር የተረፈውን ሥዕል የሠርገኛ ትከሻ ቢፍቀው እጅግ የሚያሳፍር ይሆናል። ስለዚህ በግድግዳና በዐምድ ላይ ምስማር አይመታ፥ አበባና ጨርቅ አይንጠልጠል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ካህናቱ በፈቀዱለት ስፍራ ብቻ ይቁም፤ ዘፈኑና ጭፈራው ከቅጽሩ ውጭ ይሁን። አንዳንድ ሰው ውለታ ለመክፈል ብሎ ግድግዳውን በአዲስ ቀለም ሊያስቀባ ይነሣል፤ ይህ ጥፋት ነው። በ1992 ዓ.ም. ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስን የማደስ ሥራ እንዳይደረግ ደንግጓል።

ስጦታ ለመስጠት የሚወድ ሰው ለአገልግሎት የሚጠቅመውን ይስጥ። ዘቢብ፥ ዕጣን፥ ጧፍ፥ ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ፥ ምንጣፍና የታቦት ጥላ በትንሿ አጥቢያ ዘወትር የሚጐድሉ ናቸው። የመንደሩንም ሰዎች አትርሱ። እነዚያ ገበሬዎች አጥሯን እያጠሩ፥ ክዳኗን እያደሱ እስከ ዛሬ ያቈዩአት ባለቤቶቿ ናቸው። መኪና አሰልፎ መጥቶ፥ ሽማግሌዎቻቸውን ሰላም ሳይሉ፥ በደጀ ሰላም የተቀመጡትን ነዳያን ሳያበሉ መሄድ ጨዋ ነኝ ከሚል ሰው አይጠበቅም። ከከተማው ድግስ ጥቂቱ ተቀንሶ ለእነርሱ እንጀራና ጠላ በዚያው ይሰናዳ፤ ምርቃታቸው ከብዙ ስጦታ ይበልጣልና።

በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሳይስማሙ ቢቀሩ ንብረታቸውን ተካፍለው ይለያያሉ። የቍርባን ጋብቻ ግን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሞት እስኪለይ የሚጸና ነው። ለዚህ ቃል ኪዳን የሚመረጠውም ስፍራ ለአንድ ቀን ታይቶ የሚረሳ ሊሆን አይገባውም። እንግዲህ ሙሽሮች ሆይ፥ ከመወሰናችሁ በፊት ይህን ራሳችሁን ጠይቁ፤ እግዚአብሔር ልጅ ቢሰጣችሁ ወንዱን በ40 ቀን፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ክርስትና ለማስነሣት ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን ትመለሳላችሁን? በየዓመቱስ ታቦቷ ሲነግሥ ትመጣላችሁን? መልሳችሁ «አዎን» ከሆነ፥ ክዳኗ ሣር ቢሆን፥ መንገዷም ቢርቅ፥ እርስዋን ምረጡ። «አይደለም» ከሆነ ግን፥ ሥዕሏ ቢያምር ዕድሜዋም ቢረዝም ለሚመለሱባት ተዉላቸው፤ በየእሑዱ በምታስቀድሱበት በከተማው አጥቢያችሁ ተጋቡ። የሚያውቋችሁ ካህናት ያሉት በዚያ ነውና።