ባኒውን ላስያዙልን መምህርት

ክብርት መምህርት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ብጽፈው ለሁለታችንም የውሰት ቋንቋ ይሆንብናል፤ ምስጋና ደግሞ በውሰት አፍ አይሆንልኝም። ልጄ እየተረጎመች ታነብልዎታለች። ስለ እሷ የጻፍኩት ላይ ስትደርስ መዝለሏ አይቀርምና እባክዎ ደጋግመው ይጠይቋት።

እዚህ ብሩክሊን ቅዳሜ ቅዳሜ የስደተኛ ልጆችን ሰብስበው የጆርጂያን ፊደል፣ ዘፈንና ውዝዋዜ ያስተምራሉ። እናቶቹ እንደነገሩኝ የሚያዋጡት ገንዘብ የአዳራሹን ኪራይ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። በሥራ ቀን እርስዎም እንደ ብዙ ያገርዎ ሴቶች የሰው አረጋውያን ሲያስታምሙ፣ ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ነው የሚውሉት። ስለ ልፋትዎ ላመሰግንዎ ግን አልተነሳሁም፤ ልፋቱ በዚህ አገር የሁላችንም ነው። ያስነሳኝ ሌላ ነው፦ ቋንቋው አልያዝ ላለው ልጅ ከሌሎቹ እኩል የሚቆምበት ቦታ ሰጥተውታል።

የጎረቤቴን ልጅ ነው የምልዎት። እናቱ በጆርጂያኛ ትጠይቀዋለች፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልስላታል፤ የእኛም ቤት ከዚህ አይለይም። በፊደሉ ሰዓት ሲጨነቅ አይቼዋለሁ። የሚያስጠኗቸው ያኮብ ጎጌባሽቪሊ እ.ኤ.አ. በ1876 ካሳተመው «ዴዳ ኤና» ነው። ብልህ መጽሐፍ ነው፤ 33ቱን ፊደላት በቅደም ተከተል ከማስሸምደድ ይልቅ ከሁለት ፊደል ብቻ በምትጻፍ የአበባ ስም ይጀምርና ልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን እንዲያነብ ያደርገዋል። ጎጌባሽቪሊ ያሰበው ግን አበባዋን በሜዳ የሚያውቃትን፣ ስሟን ከእናቱ አፍ የሰማውን የገጠር ልጅ ነው። ለጎረቤቴ ልጅ አበባዋም ስሟም እኩል ባዕድ ናቸው። ተራው ሲደርስ እርሳሱ ይወድቅበታል፣ ሊያነሳ ይጎነበሳል፣ ከጠረጴዛው ሥር ቶሎ አይወጣም።

ከዚያ ዘፈኑ ይጀመራል።

እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ልጄን ስጠብቅ የገባኝን ልንገርዎ፤ ካበላሸሁት ያርሙኝ። የጆርጂያ ዘፈን ሦስት ድምፅ አለው፤ ከሁሉም ታችኛው ባኒ ይባላል። በምሥራቅ በኩል በካኼቲ ዘፈኖች ላይ ሁለት ሰዎች ከላይ ዜማውን ያሽከረክራሉ፣ የቀረው ሰው ሁሉ ከሥር ባኒውን ይይዛል። አብዛኛው ባኒ ቃል የለውም፤ «ኦ» ብሎ ረዘም አድርጎ መቆየት ነው፣ ከዚያ ዜማው ሲዞር አብሮ መውረድ፣ አብሮ መውጣት። በምዕራብ በኩል ጉሪያ እንዲህ እንዳልሆነ ከእርስዎ ሰምቻለሁ፤ እዚያ ሦስቱም ድምፆች በየፊናቸው ይሮጣሉ፣ ላይኛው ቅሪማንጩሊ እያለ በቀጭኑ ይዘላል። ያንን ለትልልቆቹ አቆይተውላቸዋል፤ ትክክል ነዎት።

ያን ልጅ ባኒ ላይ አቆሙት። መዳፉን ደረቱ ላይ እንዲያሳርፍ ነገሩትና ድምፁ አጥንቱን ሲነዝረው እስኪሰማው ጠበቁት። መጀመሪያ ትንፋሽ አጥሮት ቶሎ ለቀቀ፤ ሌሎቹም ተከትለው ለቀቁ፤ ከላይ ያሉት ሁለት ሴቶች ልጆች መሬቱ ከእግራቸው ሥር የተሳበ ያህል ደንግጠው ዜማው ተሰበረ። አልተቆጡም። ሁላችሁም ባንድ ጊዜ አትተንፍሱ አሏቸው፤ ጎንህ ያለው ሲተነፍስ አንተ ያዝ፣ አንተ ስትተነፍስ እሱ ይይዝልሃል። እንደገና ሞከሩ። ባኒው ሳይቋረጥ ሄደ። ልጁ ከላይ የሚባለው ምን እንደሆነ ከግማሽ በላይ አይገባውም፤ እሱ ከሌለ ግን ዘፈኑ እንደማይቆም ገባው። በሌላው ቅዳሜ እርሳሱ አልወደቀም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ወድቋል። ነገር ግን አንስቶ ቶሎ ቀና አለ፣ የዘፈኑን ግጥምም ምን ማለት እንደሆነ እናቱን በራሱ ጠየቃት።

በእኛም ዘፈን ተቀባይ አለ። ተቀባዩ ግን ቃሉን ማወቅ አለበት፤ በአማርኛ ትምህርታችን የማያውቀውን ልጅ ከሕፃናቱ ጋር መልሰን እናስቀምጠዋለን። እዚያ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአምስት ዓመት ሕፃን ጎን ተቀምጦ «ሀ ሁ» ሲል ፊቱን ማየት አይቻልም። ቅናቴን የደበቅኩ እንዳይመስልዎ።

የጆርጂያን ባለብዙ ድምፅ ዘፈን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ከዓለም ድንቅ ቅርሶች እንደቆጠረው፣ «ቻክሩሎ» የተባለው የካኼቲ ዘፈንም በ1977 ቮዬጀር መንኮራኩሮች ይዘውት በሄዱት በወርቅ የተለበጠ ሸክላ ላይ እንዳለ አባቶቹ በኩራት ነግረውኛል። ይገባቸዋል። እኔን ግን የያዘኝ የአርቴም ኤርኮማይሽቪሊ ታሪክ ነው። የጉሪያው የዜማ ሊቅ በሶቪየት ዘመን የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ሲታፈን ያደገበትን ሁሉ በልቡ ይዞ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1966 የትብሊሲ ኮንሰርቫቶሪ ሊቀዳው ሲነሳ ሰውየው ሰማንያ ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል፤ አብረውት ይዘምሩ የነበሩት አልቀዋል። ሦስት ድምፅ ያለውን ዜማ አንድ ሰው እንዴት ይዘምራል? መጀመሪያ ላይኛውን ድምፅ ቀዱለት፤ እሱን እያጫወቱለት በላዩ መካከለኛውን ዘመረ፤ ሁለቱን እያጫወቱለት ባኒውን ጨመረበት። ከመቶ በላይ ዜማ እንዲህ ከራሱ ጋር እየዘመረ አወረሰና በዓመቱ በ1967 አረፈ። የልጅ ልጁ አንዞር ኤርኮማይሽቪሊ በ1968 «ሩስታቪ» የተባለውን የዘፈን ቡድን መሠረተ፤ ኋላም «ማርትቬ» በሚባል የልጆች ቡድን ታዳጊዎችን አሠለጠነ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን ሳይ ሽማግሌው ከቴፕ ሌላ ጓደኛ አጥቶ የዘመረው ባኒ ብሩክሊን ላይ ስንት ሕፃን እንደያዘው አስባለሁ።

አሁን ስለ ልጄ። ከበር ላይ ቆማ ስታይ እርስዎ «ግቢ» ብለው አስገቧት፤ ከየት እንደሆነችም የጠየቁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጆርጂያኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። ሆኖም ብሩክሊን የተወለዱትን የጆርጂያ ልጆች ምላስ የሚያስሩት «ጭ»፣ «ጥ» እና «ቅ» ለእሷ የእናቷ ቤት ድምፆች ናቸውና ከፊት አቁመው አስባሏት። የሐበሻ ልጅ ለጆርጂያ ልጆች ጆርጂያኛ ስታስጠራ እናቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔማ ያን ቀን መሬት አልበቃኝም።

ውዝዋዜው ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠባት። የሴቶቹ አካሄድ ጉልበት ለስለስ ብሎ፣ ከረጅሙ ቀሚስ ሥር እግር በትንንሽ እርምጃ እየተፋጠነ፣ ከወገብ በላይ ግን ምንም ሳይነቃነቅ መንሸራተት ነው። ልጄ እስክስታን ከአያቷ የሠርግ ቪዲዮ የተማረች ናት። ከበሮው፣ ዶሊው ሲመታ እግሯ የእርስዎን ይሰማል፣ ትከሻዋ የጎጃምን። እጅዎን በስሱ ትከሻዋ ላይ አሳርፈው አዳራሹን ዳር እስከ ዳር አብረዋት ሲንሸራተቱ አየሁ። ስታበቃ «ትከሻሽን ለቤትሽ አስቀምጪው፣ እንዳይጠፋብሽ» አሏት። ይህን እሷው ናት የነገረችኝ፤ አሁን እዚህ ላይ ነው የምትዘለው።

ወንዶቹ ካርቱሊን ሲለማመዱም ማየት እወዳለሁ። ጥንዶች የሚወዛወዙት ነው፤ ወንዱ ሴቷን አይነካም፣ ቾኻ የሚባለው ካባው ጫፍ እንኳ ቀሚሷን ሊነካ አይገባም። በትምህርት ቤት ኮሪደር ሲገፋፉ የሚውሉ ልጆች ለአንዲት ቀሚስ ዳር ሲጠነቀቁ ማየት ነው! እዚህ ላይ አንድ አባት የውዝዋዜው አብዛኛው ኢሊኮ ሱኺሽቪሊና ኒኖ ራሚሽቪሊ እ.ኤ.አ. በ1945 ባቋቋሙት ቡድን ለመድረክ የተሠራ እንጂ የአያቶቻችን አይደለም ሲል ተከራክሮኛል። ሊሆን ይችላል። የእኛም የመድረክ ውዝዋዜ ከቴአትር ቤት ተመልሶ ወደ ሠርጋችን የገባ ብዙ አለው፤ ሲወዛወዙበት የኖሩት ነገር የራስ ነው ባይ ነኝ። ለልብሱ ዋጋ ግን እኔም ከእናቶቹ ጋር አቤት እላለሁ። ደግነቱ እርስዎ ከትልቁ ወደ ትንሹ እያስተላለፉ፣ እጥፉን እየፈቱና እየሰፉ ያለብሷቸዋል።

አሁን ወደ ልመናዬ። የእኛ የአማርኛ መምህርት ባኒ የሚይዙትን ልጆች መጥታ ማየት ትፈልጋለች። ቋንቋው ያልያዘለት ልጅ ገና ከመጀመሪያው ቀን አብሮ የሚሠራው ነገር በእኛ መዝሙርና ዘፈን ውስጥ የቱ ጋ እንደሚገኝ እየፈለገች ነው፤ እኔ በጭብጨባው እንጀምር ባይ ነኝ፣ እሷ በከበሮው። ለሜይ 26ቱ የነፃነት በዓላችሁ ልምምድ ላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁና ጊዜው ካልተመቸዎ ከበዓሉ በኋላ ይሁን። ከፈቀዱልን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ዝም እንላለን። ድፎ ዳቦ ይዘን እንመጣለን፤ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ብቻ ለልጄ ይንገሯት።

አክባሪዎ፣
የልጅቷ እናት