ቆርቆሮው ምን አጠፋ?

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ሁሉ የሚያማው ቆርቆሮውን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋተኛዋ ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለችው ጎማ ናት። የበጋ ፀሐይ ያደርቃታል፣ ትሰነጠቃለች፣ ውሃው ሚስማሩን ተከትሎ ወርዶ ሞራሌውን ያበሰብሳል። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ክብ ምልክት ሲወጣ ነገሩ ከተጀመረ ሰንብቷል። ካትራሜ መለቅለቅ ያስታግስ እንደሆን እንጂ አያድንም፤ ሚስማሩን ነቅሎ ወፈር ባለና አዲስ ጎማ ባለው መተካት ይሻላል። «ሁሉም ይነሳ፣ አዲስ ይልበስ» የሚል ባለሙያ ከመጣ (መቼም ቆርቆሮ ሻጭ ዘመድ አያጣም) መጀመሪያ ሚስማሩን አሳየኝ በሉት። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ለኮርኒሱ የጂብሰም ጌጥ ገንዘቡን አፍስሶ ከጌጡ በላይ ያለውን ክፍተት ባዶውን የሚተው ሰው ነው። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ብርድ በባዶ ቆርቆሮ በኩል ዘው ይላል፤ የቤቱ እንፋሎትም ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና ዝናብ በሌለበት «አፈሰሰ» ይባላል። ከኮርኒሱ በላይ ፎም ይነጠፍ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይራቅ፣ አየር መውጫም ይተውለት። ግንቦት ሳያልቅ መሰላል አስመጡ፤ የሚወጣው ሰውም የሚስማሩን መስመር ይርገጥ፣ ሞራሌው ያለው እዚያ ሥር ነው።