የባትሪው ጉልበት ወዴት ይሄዳል?

በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምንነጋገረው ቮልቴጅ ሬጉሌተር ስለሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። መጠኑ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ሥራው ከባትሪ የሚመጣውን ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ተቀብሎ በአንድ መጠን ማስተላለፍ ነው። በትርፍ ጊዜው ድምፅ ማጫወቻ በገዛ እጁ የሚገጣጥም ወታደርም ሆነ፣ ለዚያ ዕቃ ባትሪ የምትገዛው ባለቤቱ ይህን ዕቃ በሚገባ ሊያውቁት ይገባል እንላለን። ዘብ ቀለብ እንደሚያሻው ሁሉ ሬጉሌተርም ለጥበቃው ቀለብ ይወስዳልና። የጥበቃው ቀለብ ከሚጠበቀው ንብረት ከበለጠ ደግሞ ቤቱ ከሰረ ማለት ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የትኛው ሬጉሌተር ይሻላል?» ሳይሆን «ለመሆኑ ያስፈልጋልን?» የሚለው ነው። በብዙ የእጅ ሥራ ድምፅ ማጉያዎች ውስጥ የሚገኘው ኤልኤም 386 የተባለው አይሲ ከ4 እስከ 12 ቮልት ድረስ ይሠራል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ በቀጥታ ቢታሰርለት ሬጉሌተር አያሻውም፤ በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል አንድ ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሳይዛባ ቢታሰር ይበቃዋል። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይቀንሳል፣ ይሻክራልም እንጂ ዕቃው አይጎዳም። በአንጻሩ ከሚሞሪ ወይም በብሉቱዝ የሚያጫውተው ባለ 5 ቮልት ሞጁል 12 ቮልት በቀጥታ ቢገባበት ይቃጠላል። ሬጉሌተር ግድ የሚሆነው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው።

ያስፈልጋል ከተባለ ሦስት ነገሮች ይመርመሩ።

አንደኛው፣ ሬጉሌተሩ የሚጠይቀው ትርፍ ቮልቴጅ ነው። በየሱቁ የሚገኘው 7805 አምስት ቮልት ለመስጠት 2 ቮልት ያህል ትርፍ ስለሚፈልግ፣ የሚገባው ቮልቴጅ ከ7 ሲያንስ ሥራውን ማከናወን ይሳነዋል። ባለ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪ በውስጡ ባለ 1.5 ቮልት የሆኑ ስድስት ሴሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሴል እስከ 0.9 ቮልት ድረስ ሊሟጠጥ ስለሚችል፣ ባትሪው በእርግጥ አለቀ የሚባለው 5.4 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ 7805 የታሰረበት ዕቃ በ7 ቮልት ላይ ሲያቃስት፣ ገና ጉልበት ያለው ባትሪ አልቋል ተብሎ ይጣላል። ኤልፒ 2950 የተባለው ግን 0.4 ቮልት ያህል ትርፍ ይበቃዋል፤ የሚሸከመው እስከ 100 ሚሊአምፔር ብቻ መሆኑ ግን አይዘንጋ። እስከ 1 አምፔር ለሚፈልግ ዕቃ 0.5 ቮልት ያህል ትርፍ የሚበቃው ኤልኤም 2940 አለ። ይህኛው በመውጫው ላይ ቢያንስ 22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ካልታሰረለት አይረጋም።

ሁለተኛው፣ ዕቃው ዝም ባለበት ጊዜ ሬጉሌተሩ የሚበላው ነው። 7805 ምንም ሳይሠራ 5 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል። ይህ በአንድ ቀንና ሌሊት 120 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። የባለ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪ አቅም 500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ አንድም ዘፈን ሳይሰማበት በአራት ቀን ያልቃል። ኤልፒ 2950 በዚያው ሁኔታ ከ0.1 ሚሊአምፔር ያነሰ ይበቃዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያው በባትሪውና በሬጉሌተሩ መካከል ይታሰር። ከሬጉሌተሩ ወዲያ ከታሰረ ድምፁ ይጠፋል እንጂ መበላቱ አይቆምም።

ሦስተኛው፣ በሙቀት የሚባክነው ነው። ከዚህ በላይ የጠቀስናቸው ሬጉሌተሮች የማይፈለገውን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት ለውጠው ይጥሉታል። አንድ ባለ 5 ቮልት ማጫወቻ 0.3 አምፔር ይወስዳል እንበል። በ7805 በኩል ከ12 ቮልት ባትሪ ቢታሰር ለማጫወቻው የሚደርሰው 1.5 ዋት ሲሆን፣ በሙቀት የሚጠፋው 2.1 ዋት ነው። ለ4 ሰዓት ያህል ቢጫወት ከባትሪው 1.2 አምፔር ሰዓት ይወጣል። ስዊቺንግ የሚባለው ዐይነት ሬጉሌተር ከመቶ 85 እጁን በሥራ ላይ ቢያውል ግን ያንኑ ሥራ በ0.6 አምፔር ሰዓት ገደማ ይፈጽመዋል። የተረፈው 0.6 አምፔር ሰዓት ባለ 3 ዋት አምፖል ከ2 ሰዓት በላይ ያበራል። ሙዚቃውም መብራቱም ከአንድ ባትሪ በሚቀዱበት ቤት፣ የሬጉሌተር ምርጫ ልጆች ማታ የሚያጠኑበት ብርሃን ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ ስዊቺንግም የራሱ ነውር አለው። ኤልኤም 2596 የተባለው በሴኮንድ 150,000 ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋልም። የዚህ ብዜት የሆኑት 600፣ 750 እና 900 ኪሎኸርዝ በመካከለኛ ሞገድ ላይ ስለሚያርፉ፣ በአጠገቡ የተቀመጠ ሬዲዮ ያፏጫል። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ ጥቂት ብቻ ለሚበላው ሬዲዮ ኤልፒ 2950ን የመሰለ ቀለበ ትንሽ ሬጉሌተር፣ ብዙ ለሚበላው ማጫወቻ ስዊቺንግ ይመረጥ። ስዊቺንጉም በብረት ሣጥን ተከቶ፣ ሽቦው አጥሮ፣ ከሬዲዮው አንቴና ይራቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ሬጉሌተር መሣሪያውን እንጂ ባትሪውን አይጠብቅም። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ከ10.5 ቮልት በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ገመዱም በባትሪው ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይታሰርበት። የሊቲየም ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ ቢሞላ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ያለ መከላከያ ሰሌዳና ለእርሱ ካልተሠራ ቻርጀር ጋር ልጆች ባሉበት ቤት ፈጽሞ አይግባ። ለግዳጅ የተሰጠ ባትሪም ለግዳጅ ይቆይ፤ ለሙከራ አይነካ።

በመጨረሻም፣ ባልና ሚስት በአንድነት ሊያደርጉት የሚችሉትን ፈተና እንጠቁማለን። አዲስ ባትሪ በተገዛ ቁጥር ቀኑ በላዩ ይጻፍ። ባል ቴስተሩን በባትሪው ገመድ መካከል አስገብቶ ማጫወቻው ዝም ባለበት ሰዓት የሚወስደውን ይለካ፤ ሚስት ደግሞ ባትሪው ስንት ቀን እንደ ቆየ ትመዝግብ። ሬጉሌተሩ ከተለወጠ በኋላ ሁለቱ መዝገቦች ሲነጻጸሩ፣ ምርጫው ትክክል መሆን አለመሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።