ጢስ የሌለው ፍም

ከሚሴ ላይ ዝናብ ሲጥል በር ዘግተን በከሰል ቡና እናፈላለን። «ጢሱ ወጥቶለታል፤ ምንም አያደርግም» እንላለን። ተሳስተናል።

ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። ሲነድ ከአየር ኦክሲጅን ይወስዳል። አየር ሲበቃው አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክሲጅን ይይዛል። ቤት ሲዘጋ ግን አየሩ ያንሳል፤ አንድ ኦክሲጅን ብቻ ይይዛል። ይህም ካር-ቦን ሞ-ኖ-ክ-ሳ-ይድ ይባላል። «ሞኖ» ማለት አንድ ነው። አይታይም፤ አይሸትም። ደማችን ኦክሲጅን እንዳይሸከም ይከለክላል። የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ስለዚህ ከሰሉን ደጅ እናንድድ። ዝናብ ካስቸገረን በርና መስኮት እንክፈት። ማታ ማንደጃውን ከቤት ሳናወጣ አንተኛ። ራሳችንን ካመመን፣ ካዞረን፣ ካቅለሸለሸን ቶሎ ወደ ውጭ እንውጣ። የወደቀ ሰው ካለ አውጥተን ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት ይህን አንብቡለት።