ጎማ ለዓይን አይገዛም

ባለፈው እሑድ ማታ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ በእግሬ እየተሻገርኩ ነበር። አንድ ወጣት ቦክሰሩን ዳር አቁሞ ፎቶ ይነሳል። የኋላ ጎማው የትልቅ ሞተር ጎማ ነው፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ገና ከሱቅ የወጣ። አላስችል ብሎኝ ጠጋ አልኩና "ስንት ቁጥር ነው?" አልኩት። "110 በ90 ነው ጋሼ፣ ጎንደር ልሄድበት ነው!" አለኝ በኩራት። "ቸርኬውስ?" ስለው "የራሱ ነው" አለ። የራሱ ማለት ፋብሪካው 3.00-17 የሚባለውን ቀጭን ጎማ እንዲይዝ የሠራው ቸርኬ ነው።

ምንም ሳልለው ሄድኩ። ቤት ገብቼ ግን ዝም ማለቴ ቆጨኝ። ምክንያቱም እኔም ያንኑ አድርጌዋለሁ።

በ2008 ዓ.ም ክረምት ነው። ሞተሬ ቀጭን መስሎ ታየኝና ሰፊ ጎማ ገዛሁ። ጎሚስታው ሽማግሌ ነበሩ፤ "ልጄ፣ ይሄ ቸርኬ አይሸከመውም" አሉኝ። "ግድ የለም አባባ፣ ያስገቡልኝ" አልኳቸው። ሳምንት ሙሉ በከተማው አስፋልት ላይ ንጉሥ ሆንኩ። ነሐሴ 16 እማዬን አፈናጥጬ ለፍልሰታ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወሰድኳት። ስንመለስ ዝናብ ጣለ። መንገዱ ያኔ አፈር ነበር። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል እየገባ ታጨቀ። በድሮው ጎማ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር፤ በአዲሱ ግን ትንሿ ጣቴም አትገባም። የኋላው ጎማ በአንዴ ቀጥ አለ፣ ወደቅን። እኔ ጉልበቴ ተላጠ። የእማዬ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ዛሬም ምጣድ ስታነሳ ግራዋን ታስቀድማለች።

ለዓመታት "ጭቃው ነው የጣለን" እያልኩ አወራሁ። ኧረ ጭቃውስ በየክረምቱ ያለ ነው! አዲስ የነበረው ጎማው ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። 110/90-17 ሲል ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 90 በመቶ ማለትም 99 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚገባበት ቸርኬ ደግሞ 17 ኢንች ነው። 3.00-17 ሲል ስፋቱም የጎኑ ቁመትም 3 ኢንች ገደማ ነው። ደምሩት። የ3.00 ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ ወደ 584 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የ110ሩ ደግሞ ወደ 630። ልዩነቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ሞተሩ ያንን ትልቅ ጎማ የሚያዞረው በዚያው በድሮው ጉልበት ነው። ማርሽህን አከበድከው ማለት ነው።

ይሄ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ትንሽ ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ጉልበቱን ወደ አንድ አምስተኛ ያጣል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ሰው አፈናጥጠህ፣ ሻንጣ ጭነህ፣ ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለውን ዳገት ስትጀምረው ያኔ 8 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል።

ከዚህ የሚብሰው ቸርኬው ነው። የትንንሾቹ ሞተሮች ቸርኬ ላይ ብዙ ጊዜ 1.60 ወይም 1.85 የሚል ተጽፏል፤ ስፋቱ በኢንች ነው። 110/90 የሚባለው ጎማ ቢያንስ 2.15 ይፈልጋል። በግድ ሲገባ ጎኑ ወደ ውስጥ ይጨመቅና አናቱ እንደ እንቁላል ይሾላል። አስፋልት የሚነካው መሀሉ ብቻ ይሆናል፣ መሀሉም ቶሎ ያልቃል። ሰፊ ጎማ ገዝተህ በጠባብ ጎማ ትሄዳለህ፤ ያውም በውድ።

"ሰፊ ጎማ መሬት ይይዛል" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቸርኬውም ሰፊ፣ መንገዱም ደረቅ ከሆነ። በፎገራ ዋልካ ላይ ግን ሰፊው ጎማ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀጭኑ ጭቃውን ቆርጦ ወደ ጠንካራው መሬት ይወርዳል። የግብርናና የጤና ሠራተኞች ገጠር ለገጠር ይነዷቸው የነበሩትን ሆንዳ ኤክስ ኤል እና ያማሃ ዲቲ የምታስታውሱ አላችሁ። የፊት ጎማቸው ረጅምና ቀጭን ነበር፣ ቸርኬው 21 ኢንች። ጃፓኖቹ ሰፊ ጎማ አጥተው አይደለም።

አትቀይሩ እያልኩ አይደለም። እንደ እኔ አትቀይሩ ነው የምለው። ቸርኬያችሁ 1.85 ከሆነ ከ3.00 ወደ 90/90-17 መሄድ ይቻላል፤ ቁመቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚጨምረው። ከዚያ በላይ የፈለገ ጎማ ብቻ ሳይሆን ቸርኬውንም፣ ራጂውንም፣ የሰንሰለቱን ጥርስም አብሮ ያስብ። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከስፋቱ ይልቅ ጎኑ ላይ የተጻፉት ትንንሽ ቁጥሮች ይበልጣሉ። 50 የሚል ካለ ያ ጎማ እስከ 190 ኪሎ ይሸከማል፤ 41 ካለ 145 ብቻ። አራቱ የመጨረሻ ቁጥሮች የተሠራበት ጊዜ ናቸው፤ 2219 ካለ በፈረንጆች 2019 በ22ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ጎማ፣ አዲስ ቢመስልም አዲስ አይደለም።

ለጎማ ሻጮችም አንድ ቃል አለኝ። ከመሸጣችሁ በፊት "ቸርኬው ስንት ነው?" በሉ። ያ ሽማግሌ ጎሚስታ የነገሩኝን ብሰማ ኖሮ የእማዬ እጅ ዛሬ ደህና ነበር። ገንዘቤን ወስደው ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። የሙያ ሰው ማለት እንደዚያ ነው።

ድልድዩ ላይ ያገኘሁህ ልጅ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፣ ፎቶው አምሮብሃል። ጎንደር ከመነሳትህ በፊት ግን ጎንበስ በልና ቸርኬህ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። ከዚያ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ሁለት ጣትህን ክተት። ካልገቡ ጎማውን መልሰው። ከኋላህ የምታፈናጥጠው ሰው አንተን አምኖ ነው የሚቀመጠው።

መንገዱን ሰላም ያድርግልን።